ባዶ ብረት

«በአጭሩ» አሉ ጋሼ አንለይ ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው እያስጠጉ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ትርሲት ግን ከእንግዲህ በዚህ ቃል አትሸወድም። ጋሼ አንለይ «በአጭሩ» ባሉ ቁጥር ንግግራቸው ይረዝማል። መጀመሪያ «በአጭሩ» ብለው ሩዝ ወደ ፎገራ ስለገባበት ዘመን አወሩ። ቀጥለው «በአጭሩ» ብለው ከቁሐር ሚካኤል በአንዲት አህያ ሩዝ እያመላለሱ ንግድ እንዴት እንደጀመሩ ተረኩ። አሁን ደግሞ አህያይቱ ጭቃ ውስጥ የሰመጠችበት ክረምት ላይ ደርሰዋል። ክረምቱ ደግሞ የፎገራ ክረምት ነው፤ ቶሎ አያልቅም።

ትርሲት ከፊት ረድፍ ላይ፣ ከሌሎቹ ተወዳዳሪ ልጃገረዶች ጋር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቅድም ግንባሯ ላይ የነበረው ላብ ደርቋል። ትከሻዋን በቀስታ ወደ ኋላ ብታዞረው ቀጭ አለ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ወረታ ላይ ፀሐይዋ እስክትበረታ ድረስ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነው ይህ አሮጌ የሩዝ መጋዘን ደግሞ ብርዱን ይዞ የሚያቆይ ነው።

«ቀዘቀዝሁ» አለች ወደ ፀገነት ጠጋ ብላ።

«ዝም በይ፣ እያዩን ነው» አለች ፀገነት ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። ፀገነት የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ማታ ማታም እዚሁ መጋዘን ውስጥ አብረው ብረት ያነሳሉ። ዛሬ ግን ተፎካካሪዎች ናቸው። ባሕር ዳር ለሚደረገው የክልል ውድድር ከሴቶች የምትሄደው አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

ትርሲት መጨነቋ ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት ሐሙሲት ላይ በተደረገው ውድድር፣ ስሟ እስኪጠራ ድረስ እጇን አጣጥፋ ቁጭ ብላ ቆየች። ሰው ፊት ትንሽ ኪሎ ማንሳት አፍራ ነበር። ስሟ ሲጠራ ተነሥታ በቀጥታ ከባዱን ብረት ያዘች፤ ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቱንም ጊዜ ጣለችው። በውጤት ሰሌዳው ላይ በስሟ አንጻር ዜሮ ተጻፈ። ሚኒባስ ውስጥ እስከ ወረታ ድረስ ጫማዋ ላይ አቀርቅራ መጣች። ቤት ስትገባ እናቷ ወይዘሮ ደብረወርቅ አይተዋት ሁሉንም ተረዱ። «አንድ ዕድል እሰጥሻለሁ» አሏት። «ሁለተኛም እንዲህ ሁነሽ ከመጣሽ ግን ብረቱን ትተሽ ደብተርሽን ትይዣለሽ።» ትርሲት እሺ ብላ ቃል ገባች። ያ ዕድል የዛሬው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ነገር በሥርዓቱ አደረገች። የፕሮግራሙ ወረቀት ውድድሩ ሁለት ሰዓት ይጀመራል ስለሚል፣ ቀደም ብላ መጥታ ግቢውን በሶምሶማ ዞረች። ዳሌዋን፣ ቁርጭምጭሚቷን፣ ትከሻዋን አፍታታች። ከዚያ በመጋዘኑ ጥግ ለማሟሟቂያ የተቀመጠውን ብረት፣ አንድም ኪሎ ሳይጫንበት ባዶውን፣ ደጋግማ አነሳች። ቀጥላ ትንሽ ጫነችበት፤ ቀጥላ ሌላ ጨመረች። ኪሎው በጨመረ ቁጥር ደግሞ የምታነሳበትን ጊዜ ቀነሰች። መምህራቸው አስማረ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማራቸው ይህንኑ ነው። «ሰውነት ጎተራ አይደለም፤ ዛሬ ያልተነካ ጉልበት ነገ ተጠራቅሞ አይጠብቅም» ይላል። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር ነው፤ ሲናገርም እጁን ማወናጨፍ ይወዳል።

ችግሩ የማሟሟቂያው ጥግ ከሕዝቡ ፊት ለፊት መሆኑ ነው። ከሕዝቡም የፊተኛውን ቦታ የያዙት የጋሼ አንለይ የሩዝ ወፍጮ ተሸካሚዎች ናቸው። ታላቅ ወንድሟ አዛናው ከእነሱ አንዱ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ «እህቴን ኑ እዩልኝ» ሲል ሰንብቶ ወፍጮውን ባዶ አስቀርቶ አመጣቸው። ተሸካሚዎቹ ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው። የጠዋቷ የመጀመሪያ ኩንታል ከእንቅልፍ በተነሱበት ጉልበት፣ ሳይንጠራሩ፣ ሳያስሉ ትነሳለች። ከመሸከሙ በፊት እጁን ያወዛወዘ ሰው እስከ ምሳ ድረስ መሳቂያ ነው። እናም «ኩንታል የሚያህል ታነሳለች» የተባለችው ልጅ ባዶ ብረት ይዛ ቁጭ ብድግ ስትል ሲያዩ፣ ሳቁ መጋዘኑን ሞላው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ!» ብሎ ጮኸ ቢተው የሚባለው ቀልደኛ ተሸካሚ። «አዛናው፣ የእህትህ እንቁላል ዛሬ ይፈለፈል ይሆን?»

አዛናው አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፣ ግን አልቻለም። ወደ ጥጉ መጥቶ «አንድ ጊዜ ብቻ ከበድ ያለ አንሽላቸው፤ አፋቸውን ይዝጉ» አላት። ፀገነት ይህንኑ አደረገች። ባዶውን ብረት ሳትነካ አርባ ኪሎ አስጭና ብድግ አደረገችው፤ ተጨበጨበላት፤ ፊቷ እየበራ ሄዳ ተቀመጠች። «የቀረውን ጉልበቴን ለመድረኩ ላስቀምጠው» አለች። ትርሲት ግን ጆሮዎቿ እስኪግሉ እያፈረች የራሷን ደረጃ በደረጃ ጨረሰች። ሰውነቷ እንደ ልብ ታዘዘላት። ልክ ስሟ የሚጠራበት ሰዓት ሲደርስ፣ የክብር እንግዳው ጋሼ አንለይ አልመጡም ተባለ። ቆይተው መጡ። ከዚያ ንግግሩ ተጀመረ።

ጋሼ አንለይን ማቋረጥ ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚታሰብ አይደለም። መጋዘኑን የለቀቁላቸው እሳቸው ናቸው። ቡድኑ በውሃ ቧንቧና ሲሚንቶ በተሞላ ጣሳ ሲለማመድ አይተው፣ እውነተኛዎቹን ሁለት ብረቶች ከነኪሎዎቻቸው የገዙላቸውም እሳቸው ናቸው። አዛናው የሚበላውም ከእሳቸው ወፍጮ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያዳምጣል እንጂ አይንቀሳቀስም።

አህያይቱ አሁንም ጭቃ ውስጥ ናት። ትርሲት ጣቶቿን ጨበጠች፣ ፈታች። የጭኗ ጡንቻ እየከረረ ሲሄድ ይታወቃታል። መምህር አስማረን ፈለገችው፤ መድረኩ ላይ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱም ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ትከሻውን ነቀነቀ። ምን ያድርግ? እሱም እንደሷው ታስሯል።

እንደ ሐሙሲት ልትሆን ነው። ይህን ስታስብ ፈራች፤ ከፍርሃቱ በታች ግን ንዴት ነበረ፤ ያነሳትም ንዴቱ ነው። ወንበሯን ሲጥ አድርጋ ተነሳች።

«የት ልትሄጅ ነው?» አለች ፀገነት ክንዷን ለመያዝ እየሞከረች። ትርሲት ግን ጎንበስ ብላ በረድፉ ፊት አልፋ ሄዳለች። ከወዲያ ማዶ አዛናው አያት። እጁን ዝቅ ዝቅ እያደረገ «ተቀመጪ» የሚል ምልክት ሰጣት፤ ዓይኖቹ ፈጥጠዋል።

ጥጉ ላይ ደርሳ በቦታዋ ዘለል ዘለል አለች፣ ዳሌዋን ከፈተች፣ ክንዶቿን አዞረች። ከዚያ ባዶውን ብረት አነሳች። ከፍ ማድረጉ አላስቸገራትም፤ ያስቸገራት ሳያንኳኩ ማውረዱ ነው። ከሥር በተነጠፉ፣ የሩዝ ገለባ በተሞሉ ጆንያዎች ላይ እንደሚተኛ ሕፃን ቀስ አድርጋ ታሳርፈዋለች፤ ደግማ ታነሳዋለች። ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ አስተባባሪ እየተጣደፈ መጥቶ «ምን ነካሽ? ቁጭ በይ!» ብሎ በሹክሹክታ ጮኸባት።

ድምፅ ማጉያው ዝም አለ።

«ያች ልጅ» አሉ ጋሼ አንለይ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ «ምን ሁና ነው?»

ሰው ሁሉ ዞረ። አዛናው ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ይቅርታ ጋሼ፣ እህቴ ናት፤ አሁን ትቀመጣለች። ትርሲት፣ ተይ እንጅ!»

ትርሲት ብረቱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆመች። አንድ «ይቅርታ» ብላ ብትቀመጥ ነገሩ ሁሉ ያልቃል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለች፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ተሰማ። «ንግግርዎን ንቄ አይደለም። ተቀምጬ ከቀዘቀዝሁ ግን ብረቱ አይነሳልኝም። አምና ሐሙሲት ላይ እንዲያ ሁኘ ነው ሦስቴ የጣልሁት። እርስዎ የገዙልንን ብረት በእርስዎ ፊት መጣል አልፈልግም።»

የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የእርግብ እግር ሲያንኳኳ ይሰማል።

«እንግዲያ ያቀዘቀዝኋት እኔ ነኛ!» አሉ ጋሼ አንለይ ወደ ሕዝቡ ዞረው። አንድ ሁለት ሰው ፈራ ተባ እያለ ሳቀ። እሳቸው ግን ጨዋታውን አልጨረሱም። «ለመሆኑ እየሰማሽኝ ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

«አህያዋ የት ደረሰች?»

«ጭቃ ውስጥ ናት ጋሼ። ገና አልወጣችም።»

ሳቁ ፈነዳ። ቢተው የተቀመጠበትን ጆንያ በጡጫ እየመታ ሳቀ። ጋሼ አንለይ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «በይ አንች ሥራሽን ሥሪ» አሉ። «እኔም ላውጣት።» ከዚያ በኋላ እንኳ አህያዋን ለማውጣት ረዥም ጊዜ ወሰደባቸው። ትርሲት ግን ያን ጊዜ ሁሉ በጥጓ ሆና ሰውነቷን ቀስ በቀስ አነቃቃችው፤ ባዶውን ብረት፣ ከዚያ ቀለል ያለ ኪሎ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ከበድ ያለ። ላቡ ተመለሰ። ከሌሎቹ ልጃገረዶች የተነሳች የለችም።

ጭብጨባው ሲያልቅ ውድድሩ ተጀመረ። ሕጉ ቀላል ነው። ብረቱ ከመሬት ተነስቶ መጀመሪያ ደረት ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በተዘረጋ ክንድ ከራስ በላይ ይቆማል። እያንዳንዷ ልጅ ሦስት ሙከራ አላት። ብረቱ ላይ ኪሎ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም፤ ስለዚህ ትንሽ ኪሎ የጠየቀች ትቀድማለች፣ ብዙ የጠየቀች ተራዋን ትጠብቃለች። ሦስት ዳኞች ነጭ ባንዲራ ካነሱ ተሳካ፣ ቀይ ካነሱ አልተሳካም ማለት ነው።

ቀይ ባንዲራ በዛ። ወንበር ላይ ደርቀው የከረሙት ልጆች ብረቱን እስከ ጉልበታቸው እያደረሱ ይለቁታል። ሁለት ልጆች ሦስቱንም ሙከራቸውን ጣሉ። ተሸካሚዎቹ እንኳ መቀለዱን ተዉት፤ ነገሩ ያሳዝናል።

ቀጥሎ ፀገነት ሃምሳ ኪሎ ላይ ገባች። ሃምሳ ኪሎን በልምምድ ጊዜ እያወራች ነው የምታነሳው። ዛሬ ግን ብረቱ ከደረቷ ሳይደርስ ወደ ፊት አመለጣት። ፈገግ ብላ ተመለሰች፤ «አዳልጦኝ ነው» አለች። ሁለት ደቂቃ ቆይታ ደግማ ገባች። ይኸኛው ከመጀመሪያውም የባሰ ሆነ፤ ብረቱ ጉልበቷን አልፎ አልወጣም። ከመድረኩ ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሏል።

ትርሲት ደስ አላት። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ደስ አላት። ፀገነት አንድ ሙከራ ብቻ ነው የቀራት፤ እንዲህ እንደደረቀች ከገባች ደግሞ ሦስተኛውንም ትጥላለች። ከዚያ ወዲያ ትርሲትን የምታሰጋት ከሐሙሲት የመጣችው ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም ሃምሳ ላይ እያማጠች ነው ያነሳችው። ባሕር ዳር በእጇ ሊገባ ትንሽ ቀርቶታል። ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ይበቃል። መቀመጥ ደግሞ ወንጀል አይደለም።

ፀገነት ጫማዋ ላይ አቀርቅራ ያልተፈታውን ክር ትፈታለች፣ ደግማ ታስራለች። ትርሲት ያን ማቀርቀር ታውቀዋለች። ሚኒባስ ውስጥ እስከ ወረታ ድረስ እንዲያ ነበር ያቀረቀረችው። ደስታው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ጠፋ፤ በምትኩ በራሷ ላይ ተናደደች።

«ኪሎውን ከፍ አድርጊው» አለቻት አጠገቧ ቁጢጥ ብላ።

«አብደሻል?» ፀገነት ቀና አለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ሃምሳው እምቢ ብሎኝ!»

«ሃምሳ ካልሽ አሁኑኑ ይጠሩሻል። ሃምሳ ሦስት ካልሽ ግን የሐሙሲቷም እኔም እንቀድምሻለን። ጊዜ ታገኛለሽ። ጉልበትሽ የትም አልሄደም፣ ሰውነትሽ ነው የተኛ። ነይ፣ ባዶውን ብረት ያዥ።»

«ሰው ሁሉ እያየ? ሙድ ሊይዙብኝ?»

«ሙድ ይያዙ። ጠዋት ሲስቁብኝ አልነበር? ምን ጎደለብኝ?»

ፀገነት አፍጥጣ አየቻት። «ለምንድን ነው የምትነግሪኝ? ባነሳው አንች ነሽ የምትከስሪ።»

«እኔ እንጃ» አለች ትርሲት። «ተነሽ፣ ጊዜው እየሄደ ነው።»

ከመድረኩ አጠገብ የቆመው መምህር አስማረ ሁለቱ ልጆች ወደ ጥጉ ሲሮጡ አየ፤ ትርሲት በጣቶቿ አምስት፣ ቀጥላ ሦስት ስታሳየው ገባው። ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ እየተራመደ «ፀገነት፣ ሃምሳ ሦስት?» አለ። ፀገነት ዓይኗን ጨፍና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ባዶውን ብረት ስታነሳ ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ፉጨት አሰማ። ፀገነት ደንግጣ ልታስቀምጠው ስትል ትርሲት «ወደ እኔ እይ» አለቻት። «ቁልቁል ስትወርጅ ተረከዝሽን አትልቀቂ። አሁን ፍጠኝ። አሁን ወደ ላይ።» ኪሎ ጫነችላት። ፀገነት ሠላሳ አምስቱን አንስታ ልትደግመው ስትል ያዘቻት። «አንድ ጊዜ ይበቃል! ልትቀሰቅሽው ነው እንጅ ልታደክሚው አይደለም።» የፀገነት ጉንጭ ደም መሰለ፤ አንገቷ ላይ ላብ ብቅ አለ።

የሐሙሲቷ ልጅ ሃምሳ አንድ ሞክራ ጣለች፤ ደግማም ጣለች። ከዚያ የትርሲት ስም ተጠራ። ሃምሳ ሁለት ኪሎ።

ወደ መድረኩ ስትወጣ ሐሙሲትን አላስታወሰችም። ይህን ያወቀችው በኋላ ነው። እጇን ብረቱ ላይ ስታሳርፍ የምታስበው ፀገነት ቀጥሎ አርባ አምስት መጫን እንዳለባት ነበር። ብረቱ ከመሬት ለቀቀ፣ ጭኗን ታክኮ ወጣ፣ ደረቷ ላይ አረፈ። አንዴ ተነፈሰችና ወደ ላይ ሰደደችው። ሦስት ነጭ ባንዲራ። ከዜሮ ወጣች! ከኋላ የእናቷ እልልታ ተሰማ፤ ወይዘሮ ደብረወርቅ መምጣታቸውን እንኳ አላወቀችም ነበር። ለማልቀስም ለመሳቅም ቃጣት፤ ለሁለቱም ጊዜ ስላልነበራት እየሮጠች ወደ ጥጉ ተመለሰች።

«አርባ አምስት ጫንሽ?»

«ጫንሁ። አነሳሁት» አለች ፀገነት። ድምጿ ተለውጧል። «ቀለለኝ እኮ!»

«እንግዲያ ሂጅ።»

ፀገነት ለመጨረሻ ሙከራዋ ወጣች። ሃምሳን ሁለት ጊዜ የጣለች ልጅ ሃምሳ ሦስት ስትይዝ ተሸካሚዎቹ እርስ በእርስ ተያዩ። ብረቱ ግን እንደተጠራ ሰው ብድግ አለ። ደረት። ትንፋሽ። ወደ ላይ። ክንዶቿ ሳይታጠፉ ቆሙ። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ! ፀገነት ብረቱን ለቅቃ በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ መጋዘኑ በጩኸት ተናወጠ። አሁን የምትመራው እሷ ናት።

አዛናው እየተጋፋ ትርሲት ዘንድ ደረሰ። «ምን ነካሽ አንች? በገዛ እጅሽ!»

«አዛኔ፣ አሁን አታውራኝ። ቆመህ እየኝ።»

ሃምሳ አምስት አለች። ጥጉ ላይ አንድ ጊዜ አርባ አምስቱን አነሳች፤ አልደገመችም። ወጣች። እጇን ኖራ ቀባች፣ ብረቱን ያዘች፣ ጀርባዋን አቀናች። ከመሬት ሲለቅ ከበዳት፤ እንዲህ ይከብዳል ብላ አልጠበቀችም። ደረቷ ላይ ሲያርፍ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች፤ ለአንድ አፍታ ከዚያ የምትነሳ አልመሰለም። ከዚያ ጭኖቿ፣ ያ ሁሉ ጠዋት ሲለመኑ የዋሉት ጭኖቿ፣ ታዘዙ። ቀስ እያለች ተነሳች። ቆመች። ተነፈሰች። «አሁን!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ የፀገነት ድምፅ ነበር። ወደ ላይ ወረወረችው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወሰዳት፤ ተከተለችው፣ ከስሩ ገባች፣ ያዘችው። ብረቱ ከራሷ በላይ ጸጥ አለ።

ነጭ ባንዲራዎቹን ከማየቷ በፊት ጩኸቱን ሰማች። ተሸካሚዎቹ ጆንያቸው ላይ ቆመው ይጨፍራሉ። ቢተው ኮፍያውን ወርውሮ ከጣሪያው እንጨት ላይ ሰቅሎታል። አዛናው ከአጠገቡ ያለውን የማያውቀውን ሰው አቅፎ «እህቴ እኮ ናት! የእናቴ ልጅ!» ይላል። ትርሲት ሳቀች። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ደስታው ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ነው የሚሰማት። አሸንፋለች። ባሕር ዳር የእሷ ነው።

ጋሼ አንለይ ሜዳሊያውን ይዘው ተነሱ። ፎቶ አንሺው ቦታውን ያዘ። መምህር አስማረ ወደ ትርሲት መጥቶ እጇን ጨበጠና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሦስተኛ ሙከራሽ አለ» አላት። «ጨርሰሻል፣ ብትተዪው ማንም አይወቅስሽም። ብትፈልጊ ግን ሁለት ደቂቃ አለሽ። ምርጫው ያንቺ ነው።»

ትርሲት ሜዳሊያውን አየች፤ ሰውን አየች። ስልሳ ኪሎን በልምምድም አንስታው አታውቅም። ብትጥለው ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ሊሆን ይችላል።

«ስልሳ በልልኝ፣ ቲቸር» አለች።

ዳኛው ስልሳ ብሎ ሲጠራ ጋሼ አንለይ ሜዳሊያውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሰው ሁሉ ትርሲት ወደ መድረኩ ትወጣለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ዘወር ብላ ወደ ጥጉ ሄደች። ፀገነት እዚያ ነበረች፤ ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ከብረቱ አጠገብ ቆማለች። እንባዋ ገና አልደረቀም።

«በጣም ነው የተናደድሁብሽ» አለች ፀገነት።

«አውቃለሁ።»

«ነገም እንደተናደድሁ ነው።»

«እሺ።»

ፀገነት አፍንጫዋን በፎጣው ጠረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የብረቱን ማሰሪያ ፈታች።

«ስንት ልጫንልሽ?»

«ሃምሳ» አለች ትርሲት እጇን እያፍታታች። «አንድ ጊዜ ብቻ።»